ቅሬው ለቤት የተጠራባት ቅዳሜ

ፍራሾቹ ደርሰዋል። ይህን ሳልነግራችሁ ስለ መንገዱ ማውራት ብጀምር ግማሾቻችሁ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ሁሉም ደርሰዋል፣ ገለባ ጠግበዋል፣ ሰው ተኝቶባቸዋል። አንዱ ብቻ ጥጉ ተተርትሮ ነበር። የማን እጅ እንደሆነ ከስፌቱ ለይቻለሁ፤ ስም ግን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ ሰው ልናገር። እኔ ናዝሬት ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ዓመት ወይዘሮ ፋጡማ የሚባሉ የደሴ ሴት ሹፌር ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ከጎረቤቴ ቤት ሰነበቱ። ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ሲናገሩ እጃቸው አብሮ ይናገራል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናት አባታቸውን ያጡ ልጆች በማሳደጊያ አድገው፣ ዕድሜያቸው ሲደርስ ሥራ ይዘው ይወጣሉ፤ የሚያድሩበት ግን የላቸውም። ወይዘሮ ፋጡማና የሰፈራቸው ቅሬ ለነዚህ ልጆች ማደሪያ ይፈልጋሉ። ቅሬ ማለት የእኛ ዕድር ነው፤ ወሎ እንዲህ ብሎ ይጠራዋል። ኮምቦልቻ ከቀበሌ አንድ ጣራ የሌለው አሮጌ ቤት አግኝተው ሊያድሱ እንደሆነ ሲነግሩን፣ እኛ የሰፈሩ ሴቶችም ፍራሽ ልንሰፋ ቃል ገባን። ሰፋን። ሹፌሩ ልጃቸው ጭነት ይዞ ቀድሞን ስለወጣ የሚያደርስ ጠፋና ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

*ረቡዕ*

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «ለምን ትሄጃለሽ?» ሲሉኝ «ለፍራሽ» አልኳቸው። «ደሴ ፍራሽ የለም?» አሉኝ። ጥያቄያቸው እውነት ነበረው፤ እኔ ግን ወረቀቱን ሳልይዝ አልወጣሁም። ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ከአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። የደጋውን ብርድ እሷ ዘንድ ጀመርኩት። እኛ ናዝሬት በር ከፍተን የምንተኛ ሰዎች፣ ብርድ ማለት ምን እንደሆነ አናውቅም።

*ሐሙስ*

ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ተሳፈርን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዶሮ ይዞ ነበር፤ ዶሮዋ ከእሱ ይልቅ ጨዋ ነበረች፣ ቢያንስ አላንኮራፋችም። ደብረ ብርሃን ላይ ትኩስ ዳቦ ገዝቼ በላሁ፤ እጄን ለማሞቅ ነው እንጂ ርቦኝስ አልነበረም። ጣርማ በርን በዋሻው አልፈን ቁልቁል ስንዞር፣ ደብረ ሲና እስክንደርስ ከፊቴ ያለውን ወንበር አልለቀቅኩም። የእኛ አገር መንገድ ሜዳ ነው፤ መሄድህን የምታውቀው ዛፉ ወደ ኋላ ሲሮጥ ነው። እዚያ ግን ከታች ያየሁት መንገድ ራሳችን የምንሄድበት መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

ቆላው ከጀመረ በኋላ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንንም አወረዱን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ጥቅሌን ገልብጦ ፍራሾቹን አስፋልት ላይ ዘረገፋቸው።

«የማነው ይሄ ሁሉ ጆንያ?»

«ጆንያ አይደለም፣ ፍራሽ ነው» አልኩ።

«ፍራሽ ከሆነ ሆዱ የታለ?»

እህል ከአውራጃ አውራጃ ማሻገር ክልክል ስለሆነ፣ ሙሉ ጆንያ ከያዘ ሰው ይልቅ ባዶ የያዘው ይጠረጠራል። «ጤፍ ልታሻግሪበት ነው» አለኝ። ገለባ እዚያው እንደሚሞላ፣ ከናዝሬት ገለባ ጭኖ መምጣት ሞኝነት እንደሆነ አስረዳሁት። አልሰማም። እንግዲያው ብዬ አንዱን ፍራሽ አስፋልቱ ላይ ዘረጋሁና፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እያየኝ፣ ጫማዬን አውልቄ ተጋደምኩበት። እግሬ ልክ ጫፉ ላይ ደረሰ።

«ጆንያ በሰው ቁመት ሲሰፋ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት ተጋድሜ።

ሰዉ ሳቀ። ፈታሹም ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። «ተነሺ፣ ተነሺ እማማ» አለኝ። እኔን ያናደደኝ ፍተሻው ሳይሆን እማማ መባሌ ነው። ገና ምኑ ተይዞ!

ካራቆሬ ላይ ምሳ በላን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ጋሪው ሁሉ አገሬን አስመስሎብኝ እዚሁ ልውረድ አሰኘኝ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሐረጎ የሚባል ዳገት መጣና አውቶቡሱ እያቃሰተ ጉም ውስጥ ገባ። ጉሙ ሲገለጥ ደሴ ተራራዋ ሥር ተኮልኩላ ታየችኝ።

ወይዘሮ ፋጡማ መነኻሪያው በር ላይ ቆመው ነበር። አቅፈው እየሳሙኝ «አብሽሪ ሙሉዬ፣ አብሽሪ! ደረስሽ!» አሉኝ። አብሽሪ ማለት አይዞሽ ማለት ነው፤ ወሎዎች በዚህች ቃል ሰውን ከሞት ይመልሳሉ። ቤታቸው ሰኞ ገበያ ነው። ናዝሬት ጎረቤትሽ አጥር ማዶ ነው፤ ደሴ ግን የታችኛው ጎረቤት ጣራ ከላይኛው ጎረቤት ግቢ እኩል ነው። ሽቅብ ስወጣ ትንፋሼ አጠረና ሁለት ጊዜ ቆምኩ። እሳቸው በስልሳ ዓመታቸው ጥቅሉን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው እያወሩ ይወጣሉ። አብሽ በማር በጥብጠው ሰጡኝና ያላቸውን ጋቢ ሁሉ ደረቡብኝ። እንደዚያም ሆኖ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ።

*ዓርብ*

ጠዋት ቂንጬ እየበላን ሳለ አንዲት ቀጭን ልጅ ከጓዳ ወጥታ እጅ ነሣችኝ። ሰዓዳ ትባላለች። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ በማለዳ መጥታ ኖሯል። ከነዚያ ከድርቁ ልጆች አንዷ ናት። ስትናገር ቀስ ብላ ነው፣ የምትለውን ግን ታውቃለች።

የሰዓዳን ነገር ወይዘሮ ፋጡማ ነገሩኝ። ኮምቦልቻ ከእናቷ ዘመድ ቤት ተጠግታ ትኖራለች፤ አጎት ትለዋለች። ሰውዬው «ልጃገረድ ያለ ባል በቤቴ አትከርምም» ብሎ አንድ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከእሷ ዕድሜ እጥፍ የሆነ ነጋዴ አግኝቶላታል። እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። ኮምቦልቻ ፋብሪካው ከተከፈተ ወዲህ የሚከራይ ክፍል ጠፍቷል። የወይዘሮ ፋጡማም ቤት አይሆናትም፤ ፈረቃዋ በሚያልቅበት ሰዓት ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና የለም።

«እምቢ አትይም እንዴ?» አልኳት፤ እኛ ከተሜዎች ነገር ቀላል ይመስለናል።

«እትዬ፣ እምቢ ለማለትም እኮ የሚቆሙበት ይፈልጋል» አለችኝ። «እምቢ ብዬ ወዴት ልሂድ? መንገድ ላይ ቆሜ እምቢ ልበል?»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ለመሆኑ ያ ቤት የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኩ። ወይዘሮ ፋጡማ ሳህኖቹን ማንሣት ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው መርዶውን የሰማሁት፦ ቀበሌው ቤቱን ሲሰጥ እስከ ቅዳሜ ማታ ጣራ ካልለበሰና ሰው ካልገባበት ለእህል መጋዘን እወስደዋለሁ ብሏል። ቆርቆሮው አለ፣ እንጨቱ አለ። የተዋዋሏቸው ሠራተኞች ግን በሳምንቱ መጀመሪያ ለእርከን ዘመቻ ተወሰዱ። ቅዳሜ ማለት ነገ ነው። እኔ ፍራሽ ተሸክሜ ጣራ ወደሌለው ቤት መጥቻለሁ!

ከጁምዓ በኋላ የቅሬው ሰዎች ሐጂ ይማም ግቢ ተሰበሰቡ። ሐጂ የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ምርኩዛቸውን ሁለት እጃቸውን አነባብረው የሚይዙ። ከጎናቸው አናጺው አቶ ምሕረቱ ተቀምጧል። እሱ ጴንጤ ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋ የሚጸልዩት በየቤቱ ነው። «ተሌላው ዕድር ሁሉ ስባረር የተቀበለኝ ይሄ ቅሬ ነው» አለኝ በኋላ፤ «አባቴን የቀበሩልኝ ሐጂ ናቸው።»

አቶ ምሕረቱ ሥራውን ዘረዘረ፦ ወራጅና ማገር መስቀል፣ ቆርቆሮ መምታት፣ የፈረሰውን ግድግዳ በጭቃ መምረግ፣ ወለሉን ማስተካከል። «የእጅ ጥበብ አይደለም የጎደለ፣ እጅ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቢወጣ በአንድ ቀን ያልቃል» አለ።

ሰፈሩን በሙሉ የሚያስወጣ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቅሬ ጥሪ። ጠሪው ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲጣራ ሱቅ የከፈተ ይዘጋል፣ እህል ያሰጣች ታስገባለች። ሁሉም ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የቅሬ ጥሪ ለሞት ነው» አሉ። «ዛሬ ለቤት ተጠራን፣ ነገ ለሠርግ ይጠራል። ተነገ ወዲያ ደግሞ ሰው ሞቶ ሲጠራ ‹ምን ይሆን?› ብሎ ሁሉም ተቤቱ ይቀመጣል። ያባቶቻችንን ሕግ እኔ አላፈርሰውም። ቆርቆሮውን ሰጥተናል፤ ለለቅሶ አዳራሽ የገዛነው ነበር፣ ድንኳናችን ይበቃናል ብለን ሰጠን። ጥሪውን ግን አልሰጥም።»

ንግግራቸው ልክ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ እቆጣቸው ነበር። ሰዓዳ በር አጠገብ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ሰውም ለመነሣት ልብሱን መሰብሰብ ጀመረ።

ወይዘሮ ፋጡማ ግን አልተነሡም።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ። «ቅሬ ቀብሮ ወዴት ነው የሚሄድ?»

«ወደ ሐዘንተኛው ቤት።»

«ለምን?»

«ሐዘንተኛውን አጅቦ ተቤቱ ሊያስገባ ነዋ። ይሄ ይጠየቃል እንዴ?»

«ሳያስገባው ቢበተንስ?»

«ነውር ነው። ለቅሶው አላለቀም ይባላል።»

«እንግዲያው ይስሙኝ» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ። «በድርቁ ጊዜ ተመንገድ ዳር ያነሣናቸውን ሰዎች እርስዎም ቆፍረዋል፣ እኔም ገንዣለሁ። ስማቸውን አናውቅም ነበር። ወላሂ ቅሬያችን አላፈረም፣ እንደ ወጉ ቀብሯል። ልጆቻቸው ግን ተመቃብሩ አፋፍ ቆመው ቀሩ። እኛ ወደየቤታችን ተመለስን። እነዚህን ሐዘንተኞች ማን አጅቦ ተቤታቸው አስገባቸው?»

ለመነሣት ልብሱን የሰበሰበው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ። ሐጂ ይማም ምርኩዛቸውን ከአጠገባቸው አጋደሙት። ከዚያ ቀና ብለው ሰዓዳን አዩዋት፤ ከዚያ ቀን በፊት ያላዩዋት ይመስል።

«ለቅሶው አላለቀም ማለት ነው» አሉ። «ሰይድን ጥሩልኝ። ነገ በንጋት ይጣራ።»

አልዋሻችሁም፤ አለቀስኩ። በማላውቀው ሰው ግቢ፣ በማላውቀው አገር፣ በሰው ጋቢ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

*ቅዳሜ*

ጠሪው ሰይድ አሮጌ ሰው ነው። ወይዘሮ ፋጡማ ማታውን ቤቱ ሄደው ‹የድርቁን ልጆች ቤታቸው እናስገባለን፣ አካፋና ዶማ ይዛችሁ ውጡ› እንዲል በደንብ አስጠንተውታል። እሱም ቃል ሳይስት ብሏል። ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ ሞት ሲያረዳ የኖረ ጉሮሮ ሌላ ዜማ ከየት ያመጣል? በዚያው በሚያስበረግገው ድምፅ ተጣራ። ሰው ደግሞ የቅሬ ጥሪ ሲሰማ እስከ መጨረሻው አያዳምጥም፤ ተነሥቶ ይወጣል።

በሩን ከፍቼ ብወጣ ቁልቁለቱ በሰው ነጭ ሆኗል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አካፋ ተሸክመው፣ አንዳንዶቹ ገና ከሩቁ «ወየው! ወየው ልጆቼን!» እያሉ። አንዲት ሴት ንፍሮ በእንቅብ ይዛ መጥታለች። በዚያች ቅጽበት መቼ ቀቀለችው? እኔም ግራ ገባኝና ማን ሞተ ብዬ ልቤ ደነገጠ፤ ጉዳዩን የማውቀው እኔ!

ሐጂ ይማም ድንጋይ ላይ ወጡ። «ጀማው! ማንም አልሞተም! አልሃምዱሊላህ፣ ማንም አልሞተም!»

ለቅሶው ጠብ እያለ ቆመ። አንድ ባለሱቅ እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ ተቆጣ። «ታዲያ ለምን ታስለቅሱናላችሁ? ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁ!»

«እንባህን አትጥረገው» አሉት ወይዘሮ ፋጡማ፤ «ለጭቃው ውኃ ይሆነናል።»

አንዱ ሳቀ፣ ሁለተኛው ሳቀ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሐዘንተኛ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ነገሩን እንደ ዓርቡ አድርገው አስረዱ፤ ቀብረን ያላስገባናቸው ሐዘንተኞች አሉብን አሉ። ጥቂት ሰዎች እያጉረመረሙ ተመለሱ፤ የቀረው አልተመለሰም። ንፍሮ የያዘችው ሴት «ይሄንንስ ምን ላድርገው?» ስትል፣ «ምሳችን ነው» አላት ባለሱቁ። ሱቁን ሊከፍት መስሎኝ ነበር የሄደው፤ መዶሻና ምስማር ይዞ ተመለሰ።

ቀድሞኝ ደሴ የገባው የወይዘሮ ፋጡማ ልጅ የጭነት መኪናውን ለዚሁ ብሎ አሳድሯል፤ የሌላም ሰው መኪና ተገኘ። እንደ እህል ተጠቅጥቀን ሐረጎን ወረድን። ወንዶቹ መንዙማ ይላሉ፣ ሴቶቹ በጭብጨባ ይቀበላሉ፣ አቶ ምሕረቱ መሰላሉን አቅፎ የራሱን መዝሙር በአፍንጫው ያዜማል። ማንም ማንንም ዝም አላሰኘም። እኛ ናዝሬት በአንድ ሠርግ ላይ ሁለት ዘፋኝ ቢመጣ ጠብ ነው።

ከታች ኬላ አለ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ በማይቻልበት በዚህ ዘመን፣ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው አካፋ ይዞ ሲመጣ ጠባቂው ምን እንዳሰበ አላውቅም። ገመዱን አላነሣም።

«ወዴት ናችሁ?»

«ኮምቦልቻ፣ ቤት ልንሠራ» አሉ ሐጂ። ለቀብር ነው ቢሉ ያልፉ ነበር፤ ሐጂ ግን አይዋሹም።

«ፈቃድ አላችሁ?»

«ቅሬ ነን።»

ጠባቂው ሐጂን አያቸው፣ የንፍሮውን እንቅብ አየ፣ አካፋውን አየ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። «ቅሬ ከሆናችሁ እለፉ» አለና ገመዱን አነሣው። ቅሬ ፈቃድ አይጠየቅም። ሐጂም እውነቱን ተናግረዋል።

ኮምቦልቻ ስንደርስ በብርድ የደረቀው አጥንቴ ቀለጠልኝ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ የበቅሎ ጭነት የሚራገፍበት ነበር አሉ። ግድግዳው ወፍራም፣ ውስጡ አረም፣ ከላይ ሰማይ። እኔ ብሆን ኖሮ አይቼው እመለስ ነበር። እነሱ ግን ሳይነጋገሩ ተሰማሩ። ያን ጊዜ የገባኝን ነገር እስካሁን እያሰብኩ እገረማለሁ፦ ይህ ሕዝብ ለሞት ብሎ የለመደው ሥራ ሁሉ ለቤት ይሆናል። መቃብር የሚቆፍሩት ወለሉን ውኃ ልክ አስመስለው አስተካከሉት። ድንኳን የሚተክሉት ምሰሶና ገመድ ያውቃሉና ወራጁን እየተቀባበሉ ሰቀሉት። ለለቅሶ ቤት ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ለጭቃው ቀዱ። ማንም ማንንም አላዘዘም።

እኔ ከሴቶች ጋር ፍራሽ ጠቀጠቅኩ። ገለባ ያመጣልን የሰፈሩ ገበሬ ነው፤ ዋጋ ስጠይቀው «ምን አልሽ?» ብሎ ተቀየመኝ። ምሳ የማሽላ እንጀራና ያ ንፍሮ ነበር። የለቅሶ ንፍሮ እንዲያ የጣፈጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ቆርቆሮው ከጫፍ ደርሶ በአንድ ጥግ ላይ አለቀ! አቶ ምሕረቱ ከጣራው ላይ ሆኖ ራሱን ያዘ፤ ለካ የቤቱን ልክ ሲወስድ ጓዳውን አልቆጠረውም። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት ብቅ አለ። ሰዓዳ ከፈረቃ መጥታ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ጭቃ ስታቀብል ነበር፤ እሱን ስታይ እጇ ላይ ያለው ጭቃ ወደቀ።

ሐጂ ይማም «የቅሬውን ድንኳን ተመኪናው አውርዱ» አሉ።

ሰዉ ተያየ። ድንኳኑ የቅሬው ክብር ነው፤ ያለ እሱ ሰው ቢሞት ሐዘንተኛ የሚቀመጠው ፀሐይ ላይ ነው። አንዱ «ሐጂ፣ ነገ ሰው ቢሞትስ?» አለ።

«ሌላ ቆርቆሮ እስክናመጣ ማንም አይሞትም። ከልክያለሁ» አሉ ሐጂ፤ ወዲያውም «አስተግፊሩላህ» ብለው አፋቸውን ያዙ። ያ ዝምተኛ ሰው ሲቀልድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ድንኳኑ ጥጉ ላይ ተወጠረ። ሊቀመንበሩ ዞሮ ዞሮ አየው። «ድንኳን ጣራ ነው?» አለ።

«ሊቀመንበር፣ ዝናቡ ይመጣልና እኛው እንይ» አሉት ወይዘሮ ፋጡማ።

ዝናቡ መጣ። ከቤቱ ውስጥ ተጠጋግተን ቀና ብለን አየን። ቆርቆሮው ላይ ተንደቀደቀ፣ ድንኳኑ ላይ ድም ድም አለ፤ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ሊቀመንበሩ እጁን ዘርግቶ ጠበቀ፣ መዳፉን አየ፣ ደረቅ ነው። «ዛሬ ሰው ይተኛበታል?» አለ። «አሁኑኑ» አልኩና የናዝሬትን ፍራሽ ዘረጋሁ፤ ልምድ አለኝና ራሴው ተጋደምኩበት። «እንግዲያው ጣራ ነው» ብሎ ወጣ። እልልታው ከዝናቡ በለጠ።

አቶ ምሕረቱ ቤቱን ለሁለት ከፍሎ መሐሉ ላይ ትንሽ ክፍል ትቷል፤ በአንዱ በር ሴቶቹ፣ በሌላው ወንዶቹ። መሐል ክፍሉ ላይ የአቶ ምሕረቱ ሚስት ልትኖርና ልጆቹን ልታይ ተስማማች። ወይዘሮ ፋጡማ ከየተጠጉበት የተሰበሰቡትን ልጆች አንድ በአንድ በእጃቸው ይዘው አስገቧቸው፤ ከቀብር የተመለሰ ሐዘንተኛ በሚገባበት ወግ፣ ከኋላው ሰው እያጀበው። ሰዓዳ ደፉን ስታልፍ ሐጂ ይማም ራሳቸው ከኋላዋ ነበሩ። «አላህ ያጽናሽ» አሏት። ያን ጊዜ ብቻ፣ በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል፣ ልጅቷ እናቷን አለቀሰች። ቅሬውም ቁጭ ብሎ አብሯት አለቀሰ።

*እሑድ*

እኔ የከሰዓቱን አውቶቡስ እስከ ሸዋ ሮቢት ይዤ እዚያ ላድር ነበር። እዚያው አዲሱ ቤት አድረን ሳለ ግን ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። አጎትየው ቤት ሄደው «ወጥታለች» ቢባሉ ጠይቀው ደረሱበት። ሦስት ናቸው፣ ጥምጥማቸው ንጹሕ። እንደ ወጉ በር ላይ ቆሙ፤ ሽማግሌ ‹ተቀመጡ› ሳይባል አይቀመጥም፣ ተቀመጡ የሚለው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ሁሉም ወደ ሐጂ ይማም ተመለከተ። ሐጂ ጣራውን ማየት ጀመሩ። ወይዘሮ ፋጡማም ድንገት ነጠላቸው ላይ የሚለቀም ነገር አገኙ።

ሰዓዳ ወጣች። ሻሿን አጥብቃ አስራለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም አባቶቼ። ኑ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች።

ገቡ፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ውኃ አቀረበች፤ ጠጡ። ትልቁ ሽማግሌ መጥተንልሻል፣ ሰውዬው ሸጋ ሰው ነው ብሎ ወጉን ጨረሰ።

«ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰምቻለሁ» አለች። «የመጣችሁበትን እግር አከብራለሁ። እኔ ግን አልፈልግም።»

«ልጄ፣ አስቢበት እንጂ» አለ ሽማግሌው በልመና። «እናት የለሽ፣ አባት የለሽ። ሰውየው እኮ የቆርቆሮ ቤት አለው።»

«እኔም አለኝ» አለች ሰዓዳ።

ሽማግሌው ቀና አለ። ቆርቆሮውን በዓይኑ ተከትሎ ድንኳኑ ላይ ደረሰ። ከዚያ ሐጂን አያቸው፣ እኔን አየኝ፣ ልጅቷን አያት፤ ጺሙ ሥር ሳቅ መጣበት። «ሀቂቃ፣ በእውነት አለሽ» አለ። እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፦ አላህ ቤትሽን ያጽናው፣ ደጅሽን እንግዳ ያብዛበት፣ ሲሻሽ በወደድሽው ቀን ይዳርሽ። «አሚን» አልን፤ እኔም አሚን አልኩ፣ አቶ ምሕረቱም ከጣራው ላይ «አሜን» አለ። ሽማግሌዎቹ እንደ ጎረቤት ተሰናብተው ወጡ።

መኪና እስኪደርስ ገበያ ዞሬ ለናንተ የገዛሁትን ታውቃላችሁ። ቦርሳዬን ልወስድ ስመለስ የሴቶቹ በር ተዘግቷል። ጎትቼ ሞከርኩት፣ አልከፈት አለኝ። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ የሰዓዳ ድምፅ ከውስጥ፣ ቆጣ ብሎ።

«እኔ ነኝ፣ ሙሉ።»

«ቆዩ እትዬ፣ መቀርቀሪያውን ላንሣ» አለች።

መኪናዬ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር። ቆሜ ጠበቅኋት።